ለአሜሪካ ሕግ ቆቦ ላይ የተዘጋች ሱቅ

የዚያን ዕለት ጠዋት ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር ኪቦርድ እያራገፍን ነበር። የቆቦን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በር ቢዘጉበት፣ ጨርቅ ቢያለብሱበት፣ ገብቶ ያድራል። ስለዚህ ኢንተርኔት ቤታችንን ከመክፈታችን በፊት በየጠዋቱ አምስቱን ኪቦርዶች እየገለበጥን ጋዜጣ ላይ እናራግፋለን። እኔ ገልብጬ በመዳፌ መታ መታ አደርጋለሁ፣ እሱ በቀለም ቡሩሽ ይጠርጋል። አቧራው፣ የሱፍ ቅርፊቱ፣ የጫት ቅንጣቢው ይወርዳል።

"ይሄ ሁሉ ቅርፊት ከየት ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"ደንበኞችህ ሊያነቡ መሰለህ የሚመጡት? ሊቆረጥሙ ነው" አልኩት።

ሳቀ። እንደዚያ ያለ ተራ ነገር ከዚያ በኋላ አብረን ሠርተን አናውቅም።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የልጆች እናት ነኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሱቅ አግዘዋለሁ። ራሴን ጥንቁቅ ሴት ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አሁን ትክክለኛ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ፈሪ ነበርኩ። ለምሳሌ አንድ ሰው መጥቶ የዜና ድረ ገጽ ልክፈት ብሎ ሲጽፍ፣ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ገጽ አገራችን ውስጥ እንዳይከፈት መደረጉን ሰይድም እኔም እናውቃለን። ደንበኛው "ምን ሆኖ ነው?" ሲል ሰይድ "ኔትወርክ ነው" ይለዋል። ይህን መልስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ኔትወርክ ነው በልና ተገላገል" ብዬ።

ዕለቱ ከከተራ በፊት የነበረው ቀን ነው። ሁለት ሰዓት እንዳለፈ ሰይድ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ከፈተና፣ ተማሪው ሁሉ የቤት ሥራውን የሚገለብጥበትን ትልቁን የእንግሊዝኛ ድረ ገጽ ጠራው። ትንሽ ቆይቶ፣

"ፋጤ፣ ነይ እዪ። ጠቆረ" አለኝ።

"መብራት ሄደ?"

"መብራትማ አለ። ራሱ ገጹ ነው የጠቆረው።"

ሄጄ አየሁት። እንደ ለቅሶ ልብስ ጥቁር የሆነ ገጽ፣ መሀሉ ላይ ጥቂት መስመር ነጭ ጽሑፍ። ሰይድ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፤ ቀስ እያለ ተረጎመልኝ። አሜሪካ ምክር ቤታቸው አንድ ሕግ ሊያወጣ ነው። ሕጉ የሰው ሥራ እንዳይሰረቅ ነው ይባላል፤ ከወጣ ግን በስርቆት የተከሰሰን ድረ ገጽ በቀላሉ እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ድረ ገጾቹ "ሕጉ ቢወጣ ምን እንደሚመስል ዛሬ እዩት" ብለው ራሳቸውን ለአንድ ቀን አጠቆሩ።

"ማንም ሳያስገድዳቸው?" አልኩ።

"ማንም። ገና ላልወጣ ሕግ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰይድ ሲናደድ አይጮኽም፤ አንገቱን ያክካል። አከከ አከከና፣ "ስንቱን ሰው ኔትወርክ ነው እያልኩ ሸኘሁ፣ ፋጤ?" አለኝ። መልስ አልጠበቀም። "ዛሬ አንከፍትም።"

"ምን?"

"አንድ ቀን። እነሱ ዘግተዋል፣ እኛም እንዘጋለን።"

"ሰይድ፣ በአላህ! ለአሜሪካ ሕግ ቆቦ ላይ ሱቅ ይዘጋል? ሰው ይስቅብሃል።"

"ይሳቅ። እየሳቀ ይጠይቀኛል። ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ።"

ተጨቃጨቅን። ግን እልኸኛ ነውና ተወሁት። ወረቀት አውጥቶ በእጁ ጻፈ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እስካሁን በቃሌ አለ። "ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ድረ ገጾች ያለ አግባብ መዘጋትን በመቃወም ራሳቸውን ዘግተዋል። እኛም አብረን ለአንድ ቀን ዘግተናል። እኛ ዘንድ ሕግም ሳያስፈልግ ስንቱ ገጽ እንደማይከፈት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።"

ሦስተኛውን ደግሜ አነበብኩት። "ይሄ አይለጠፍም" አልኩት።

"ታዲያ ሰው ለምን እንደዘጋን በምን ይወቅ?"

"አይወቅ! መዝጋት ከፈለግህ ዝጋ። ምክንያቱን አትጻፍ።" ወረቀቱን ከእጁ ቀማሁት፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ግን ጨርሶ ባዶ በር ትቶ መሄድ አልፈለገም። የጠቆረ ነገር ይኑር አለ። ጥቁር ፌስታል በመቀስ ቀድጄ ዘረጋሁና በሩ መስታወት ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር። ለኔ ያ ደህና መስሎ ታየኝ፤ ካልተናገረ ማን ይከሰዋል?

ቆልፈን ወደ ቤት ሄድን። ተኳርፈን ስለነበር አንነጋገርም። ለአቧራው ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ፤ እሱ አንገቱን ደፍቷል። መንገድ ላይ ለሰው ሰላም አላልንም።

ፊት ለፊታችን ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው እንድሪስ ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ሆኖ አይቷል።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ የሰይድ እናት እማ ሀዋ ከቆቦ ቀጥላ ባለችው ከተማ በዋጃ ትኖር ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ ታማ አልጋ ላይ መሆኗን መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው ቅሬ ነው። እኛ ዘንድ ቅሬ ማለት የቀባሪ ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። አባል ወይም ወላጁ ሲሞት ቀብሩ እስኪፈጸም ሱቅ ከፍቶ የተገኘ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ደግሞ ነውሩ ይከብዳል። የሙስሊም ቀብር ደግሞ አይቆይም። ቆይ ላጣራ ያለ ሰው ቀብር ያመልጠዋል።

እንድሪስ ጥቁር ፌስታሉን አየ፣ የኛን ፊት አየ፣ አላጣራም። ለቅሬው ዳኛ ለአባ ይማም "ሀዋ አረፈች" ብሎ ላከ። አባ ይማም ጥሪ አስተላለፉ። እኛ ቤት የመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ዋጃ የሄድን መስሎታልና። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከኛ በር ጀምሮ እስከ መናኸሪያው ድረስ ያለው ሱቅ ተዘጋ። አንድ ሚኒባስና ሁለት ባጃጅ ሙሉ ሰው አካፋውን ጭኖ ወደ ዋጃ ነጎደ። ሰይድ ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ የተበላሸ ፕሪንተር ፈትቶ ብሎን ይፈልጋል።

ዋጃ የሆነውን ኋላ ብርቄ ነገረችኝ። ብርቄ ከሱቃችን አጠገብ ሻይ ቤት ያላት፣ ከሄዱት መሀል የነበረች ናት። ለቀስተኛው ግቢ ሲደርስ ጩኸት የለም፣ ድንኳን የለም። ሴቶቹ ግን "ወይ ሀዋ!" ብለው ጀመሩ። ይሄኔ እማ ሀዋ በምርኩዝ እየተደገፈች በሩ ላይ ወጣች።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች።

አባ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "እንደምን አደርሽ ሀዋ፤ መታመምሽን ሰምተን ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው" አሉ።

"አካፋ ይዛችሁ?"

ብርቄ ስትነግረኝ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም፤ አባ ይማም ቁጭ ብለው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። "ገና ነኝ፣ ተመለሱ፤ ስሞት እኔ ራሴ እልክባችኋለሁ" ብላ ሸኘቻቸው።

ቆቦ ላይ ግን የሚስቅ አልነበረም። ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገበያው በሚሞቅበት ቀን፣ ዋናው መንገድ በሙሉ ዝግ። በዚያ ዘመን ያለ ትእዛዝ የተዘጋ ሱቅ ማለት አድማ ነው። የመጀመሪያው የተዘጋው የማነው ተባለ፤ የሰይድ ነው። በሩ ላይ ምን አለ? ጥቁር። በቃ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች ቤታችን ገቡ።

"ሰይድ አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ከተማውን ዘግተህ ፕሪንተር ትፈታለህ? ተነስ!"

"ምኑን ነው የዘጋሁት?" አለ። የምሩን ነው፤ አልገባውም። ብሎኑን እንደጨበጠ ወሰዱት። እኔ ተከትዬ ሮጥኩ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ፌስታላችን ተዘርግቶለት ተቀምጧል። ሰይድ እውነቱን ነገረው። ስለ ድረ ገጾቹ፣ ስለ አሜሪካ ምክር ቤት፣ አንድም ሳይደብቅ። ሰውየው እስኪጨርስ ሰማውና፣

"አየህ፣ አንተ ሰው ትንቃለህ" አለው። "አሜሪካ ለሚወጣ ሕግ የቆቦ ጨው ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል ብዬ ልመን?"

"የጨው ነጋዴው ለምን እንደዘጋ እኔ አላውቅም፤ እሱን ጠይቁት።"

"እንጠይቀዋለን።"

በዚህ መሀል ሚኒባሷ ከዋጃ ተመለሰች። ከጣቢያው ወጥቼ ሮጥኩባት። አባ ይማም አካፋ ተደግፈው ሲወርዱ ገና እየሳቁ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ፤ ግን አልፈሩም። "አብሽሪ ልጄ፣ ይሄማ ቀላል ነው። ለለቅሶ ነው የዘጋነው ብለን እንመሰክራለን። ይህን ያህል ሰው አካፋ ይዞ አድማ አይሄድም" አሉኝ። እኔም አመንኩ። እንዴት አላምን? እውነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚያውቀው መንገዱ ሙሉ ሰው ነው።

ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስገቡ። እኔ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ የሚወጣውን ፊት ፊቱን አያለሁ። የመጀመሪያው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሁለተኛው በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ። እንድሪስ ሦስተኛ ነበር። ሲወጣ ጫማውን እያየ አለፈኝ። "እንድሪስ!" አልኩት። "እቸኩላለሁ" አለኝ።

አባ ይማም ሲወጡ በቀለም የጠቆረ አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ነበር። ደስ ብሏቸዋል። "ነገርኳቸው፤ ለለቅሶ ነው አልኳቸው። ጻፉት፤ አሻራዬን አደረግሁበት። ማታ ቤቱ ይገባል፣ ኢንሻአላህ።" አባ ይማም ማንበብ አይችሉም።

የመጨረሻዋ ብርቄ ነበረች። እሷን ያየኋት ሳይሆን የሰማኋት ነው፤ ድምፅዋ ከውስጥ መንገዱ ድረስ ይሰማል። "ምን ብዬ ነው የምፈርመው? ዞሮ ዝጉ አለን? ማንን ነው ያለው? እኔ የዘጋሁት ለለቅሶ ነው! የከተራ ሥራዬን ጥዬ ዋጃ ድረስ ሄጄ በቁሟ ያለች ሴት አልቅሼ ነው የመጣሁት! እሱን ከጻፋችሁ እፈርማለሁ፣ ካልጻፋችሁ እንደፈለጋችሁ!" ሻይ ቤቷ የዚያኑ ዕለት ታሸገ። ጥምቀትን ታሽጎ አለፈ፣ ፋሲካንም ታሽጎ አለፈ።

ያኔ ነው የሚያስፈርሙት ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ የገባኝ። የተጻፈው ሰዎቹ ከመጠራታቸው በፊት ነው። የነጋዴዎቹ ሁሉ ላይ ቃሉ አንድ ነው፤ ሰይድ የተባለው ግለሰብ ሱቃችን ድረስ እየዞረ እንድንዘጋ ቀስቅሶናል። ያልፈረመ ሱቁ ይታሸጋል።

ለጥምቀት ቢሮው ሁሉ ዝግ ስለነበር ሁለት ቀን ምሳ እያደረስኩለት በጣቢያው አጥር ቀዳዳ እንነጋገር ነበር። ታቦት አጅቦ የሚያልፈው ሕዝብ ጭፈራ እዚያ ድረስ ይሰማል። የማኅበሩን ለቅሶ ስነግረው፣ አካፋዋን ስነግረው፣ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

"የኔ ጥፋት ነው" አልኩት። "ወረቀትህ በሩ ላይ ቢሆን ኖሮ እንድሪስ ያነበው ነበር። ማንም ዋጃ አይሄድም ነበር።"

"ልክ ነሽ" አለኝ። "ምናልባት እኔ ብቻዬን እታሰር ነበር፤ ለጻፍኩት። እሱ ይሻል ነበር።"

አልቆጣኝም። አልዋሸኝምም። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" ብሎኝ ቢሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ፍርድ ቤት ቀረበ። የአባ ይማም ቃል ሲነበብ እሳቸው አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። "…ግለሰቡ ቤቴ ድረስ መጥቶ ቅሬውን ተጠቅሜ ሱቆቹን እንዳስዘጋ ጠይቆኛል" የሚለው ላይ ሲደርስ ብድግ አሉ።

"ማነው እንዲህ ያለው?"

"ይቀመጡ አባት።"

"አልቀመጥም! ማነው ያለው? እኔ ነኝ ያልኩት? ወላሂ አላልኩም!"

"አሻራው የርስዎ አይደለም?"

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አዩት። ቆመው አዩት። ከዚያ ሰው ደግፎ አስወጣቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የቅሬ ዳኝነቱን ተዉ፤ ከመስጊድ በቀር የትም አይታዩም ነበር።

ሰይድ ስምንት ወር ተፈረደበት። ኮምፒውተሮቹ ለምርመራ ተብለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። የገባው በደረቱ ጤነኛ ሆኖ ነው፤ የወጣው እየሳለ ነው። ደሴ ወሰድኩት፣ መቀሌ ወሰድኩት። ከእስር ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናቱ እማ ሀዋ በሕይወት ነበረች።

ያጠቆሩት ድረ ገጾች በማግሥቱ ተከፈቱ። ሕጉም ቀረ አሉ። አንድ ቀን ጠቁረው ሕግ አስቀሩ። ይህን ሳስብ የምናደደው በእነሱ አይደለም፤ ደግ አደረጉ። የምናደደው እዚያ አገር አንድን ነገር በሰላም መቃወሚያ የሆነ ጥቁር ገጽ፣ እዚህ አንድ ፌስታል ሆኖ ሰው መግደሉ ነው። ሰይድ ማንንም ዝጋ አላለም። የራሱን በር ነው የዘጋው።

የሰይድ ቀብር ዕለት መንገዱ በሙሉ ሱቁን ዘጋ፤ በቅሬው ደንብ። ለቅሶው ላይ እንድሪስ መጥቶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ እየያዙኝ ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ።

"እንድሪስ፣ አንተ ማንበብ ትችላለህ" አልኩት።

"ፋጡማ፣ ዛሬ ይሄ…"

"ወረቀቱን አንብበኸው ነው የፈረምከው?"

"አንብቤው ነው" አለ።

"ታዲያ?"

"የበዓል ዕቃ ሞልቶብኝ ነበር። ፈራሁ።"

"ሶብር በይ" አሉኝ ከኋላዬ። ሶብር አላልኩም። ከቤቴ አስወጣሁት። በለቅሶ ቤት ለቀስተኛ ማስወጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እስካሁንም የሚያሙኝ አሉ። ይሙኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእንድሪስ እሻላለሁ የምትሉ ከሆነ ቶሎ አትበሉ። እንድሪስ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰይድ ሲታሰር ለልጆቼ ልብስ የላከልኝ እሱ ነው፤ መልሼ ላክሁለት እንጂ። አንድም ቀን ለማንም ክፉ ያላሰበ ሰው፣ የማያውቀውን ሳይሆን የሚያውቀውን እውነት ትቶ ፈረመ። እኔስ? የባሌን ሦስት ዓረፍተ ነገር በሩ ላይ እንዳይለጠፍ የቀማሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳያዘኝ። ሕግ የሚያወጡት፣ ገጽ የሚዘጉት፣ እንደኛ ያለ ሰው ባይሞላላቸው ምን ይችሉ ነበር? ብርቄን የሚያህል አሥር ሰው በዚያች መንገድ ላይ ቢኖር ኖሮ ሰይድ ያን ቀን ማታ ቤቱ ይገባ ነበር። አሥር እንኳ አልነበርንም። አንድ ብርቄ ነበረች፣ እሷም ሻይ ሻጭ ናት።

ንዴቴ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም፤ ሲበርድ ያን ወረቀት ደግሜ ቦርሳዬ ውስጥ የምከት ይመስለኛል። ወረቀቱ አሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ የመጣ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ማስተማሩን ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጎን በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። ቃላቸውን ሰጥተው ወረቀት እንዲፈርሙ የተሰጣቸው ሰዎች ማንበብ ካልቻሉ ወደኔ ያመጡታል። ጮክ ብዬ አነብላቸውና "ይህን ብለሃል?" እላለሁ። አላልኩም ካለኝ፣ እንዳይፈርም እነግረዋለሁ።